«አላየሁም» የሚል ቅዱስ ፈረሰኛ

አንድ ሰው በገዛ እጁ ማንንም ሳይጎዳ፣ ነገር ግን ሌላው በሱ ፈንታ ክፉውን ሥራ እንዲሠራ ፊቱን ዞር አድርጎ ቢቆይና የተገኘውን ጥቅም አብሮ ቢካፈል፣ ይህ ሰው ንጹሕ ነው ይባላልን? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ፈላስፎችም፣ የሃይማኖት መምህራንም፣ ዳኞችም ሲያገላብጡት ኖረዋል። እኔ ግን ዛሬ ይህን ጥያቄ የማነሣው ከፍልስፍና መማሪያ ክፍል ተነሥቼ ሳይሆን ከጨዋታ ጠረጴዛ ተነሥቼ ነው። «ጨዋታ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለውና!» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ።

ጨዋታው «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያዘጋጁት፣ በ1974 የታተመ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንደ ዳማ ሰሌዳ ላይ ተጀምሮ ሰሌዳ ላይ የሚያልቅ አይደለም። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንዱ ተዋጊ፣ አንዱ ካህን፣ አንዱ አስማተኛ፣ አንዱ ሌባ ይሆናል። ከመካከላቸው አንዱ የጨዋታው መሪ ይሆንና ዓለሙን ይተርካል። «ከፊታችሁ ጨለማ ዋሻ አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቾቹ የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ ውጤቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። ተረትና ዕጣ የተቀላቀሉበት ጨዋታ ነው ብንል ያስኬዳል።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ካሉት ገጸ ባሕርያት ሁሉ ብዙ ክርክር ያስነሣው «ፓላዲን» የሚባለው ቅዱስ ፈረሰኛ ነው። ስሙ የመጣው «የቤተ መንግሥት ሰው» ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ተረት የንጉሥ ሻርለማኝ ዐሥራ ሁለቱ ታማኝ ጦረኞች የሚጠሩበት ነበር። ወደ ጨዋታው የገባው ግን በቀጥታ ከጥንቱ ተረት ብቻ አይደለም። ፖል አንደርሰን የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ በ1961 በመጽሐፍ መልክ ያወጣው «ሦስት ልቦችና ሦስት አንበሶች» የተሰኘ ልብ ወለድ አለ። ጋይጋክስ በ1979 ለጨዋታ መሪዎች ባዘጋጀው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ካነበባቸውና ካነሣሡት ሥራዎች መካከል ይህን ቆጥሮታል።

ፓላዲን መጀመሪያ የታየው በ1975 በወጣው «ግሬይሆክ» በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ነው። ያን ጊዜ ሕጉ አጭርና ጨካኝ ነበር፤ ፈረሰኛው አንዲት ሥርዓት የጣሰች ሥራ ከሠራ ቅድስናው ወዲያው ይገፈፋል፣ ዳግመኛም አይመለስለትም። በ1978 በወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ግን ሕጉ ተዘርዝሮ ተጻፈ። እስቲ እንመልከተው።

በመጀመሪያ፣ ፓላዲን ለመሆን «ሕግ አክባሪ ደግ» መሆን ግድ ነው። መጽሐፉ የሰውን አቋም በሁለት መስመር ይከፍለዋል፤ አንዱ ከሥርዓት እስከ ሥርዓት አልባነት፣ ሌላው ከደግነት እስከ ክፋት። ሁለቱ መስመሮች ሲያቋርጡ ዘጠኝ ዓይነት አቋም ይገኛል። ከዘጠኙ ለፓላዲን የተፈቀደው አንዱ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ግርማ ሞገሱ ከ17 በታች መሆን የለበትም። ሦስት ባለ ስድስት ገጽ ዳይሶች ሲጣሉ ከሚገኙት 216 ዕድሎች 17ና ከዚያ በላይ የሚሰጡት 4 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ፓላዲን መሆን ራሱ እንደ ሎተሪ ነው።

ከዚያ በኋላ ስጦታው ይመጣል። በቀን አንድ ጊዜ እጁን ጭኖ ቁስል ይፈውሳል፤ በሽታ አይዘውም፤ ክፋት ያለበትን ነገር ከሩቅ ያውቃል፤ አራተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ልዩ የጦር ፈረስ ይጠራል። ዕዳውም አብሮ ይመጣል። ከዐሥር የበለጠ አስማታዊ ዕቃ መያዝ አይችልም። ከገቢው ዐሥራት ያወጣል፤ ለኑሮው፣ ለአሽከሮቹና ለመጠነኛ ግንብ ከሚበቃው በላይ ሀብት አያከማችም። ደጎች ከሆኑት በቀር ባልንጀራ አይዝም፤ ክፉ ካልሆኑ «ገለልተኞች» ጋር መሄድ የሚችለው ለአንድ ጉዞ ብቻ ነው። ሥርዓት የጣሰ ሥራ እያወቀ ከሠራ ከፍ ያለ ደረጃ ላለው ካህን ተናዞ ንስሐ ይቀበላል። ክፉ ሥራ እያወቀና ወዶ ከሠራ ግን ንስሐም የለው፣ ምሕረትም የለው፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ተራ ተዋጊ ነው።

ብዙዎች በዚህ ሕግ ላይ የሚያነሡት ወቀሳ ጥብቅነቱን ነው። እኔ በበኩሌ በጥብቅነቱ አልከፋም። ቃል ኪዳን ሲያፈርሱት ምንም የማያሳጣ ከሆነ ቃል ኪዳን አይባልም። የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሁሉም አይቷት የሚያልፋት አንዲት ትንሽ ቃል። «እያወቀ» የምትለዋ።

ነገሩን የሚያስረዳልኝ እኛው ጠረጴዛ ላይ የሆነ ነው። የምንጫወተው በአሮጌው በ1978ቱ ሕግ ነበር። ሽፍቶች ከአንድ መንደር ሰባት ሰዎች ጠልፈው ወስደዋል። እኛ እነሱን ፍለጋ ወጥተን ከሽፍቶቹ አንዱን ማረክን። ጠለፋ የተደረገባቸው ሰዎች የት እንዳሉ ያውቃል፤ አይናገርም። ሌሊቱ እየመሸ ነው፤ ጊዜ የለም። ፓላዲኑን የያዘው ልጅ ሁለት ጊዜ በመልካም ቃል ጠየቀው፤ ምርኮኛው ምራቁን ተፋበት። በዚህን ጊዜ ሌባዋን የምትጫወተው ልጅ ቀስ ብላ እንዲህ አለችው፦

«አንተ እስቲ ፈረስህን ውኃ አጠጣ።»

ሁላችንም ሳቅን። ምን ማለቷ እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። ልጁም ጥቂት አሰበና «እሺ፣ ወደ ጋጣው እሄዳለሁ» አለ።

(የ1978ቱን ሕግ የሚያውቅ አንባቢ «ሌባዋ ከፓላዲን ጋር ምን ታደርጋለች?» ይል ይሆናል። አቋሟ «ገለልተኛ» ነበር፤ ለአንድ ጉዞ ብቻ የተፈቀደች ነበረች። እንግዲህ ስለ ባልንጀራ የወጣው ሕግ አልተጣሰም።)

አሁን እንመርምረው። ፈረሰኛው ማንንም አልመታም። «ምቺው» ብሎም አላዘዘም። በዓይኑ አላየም። መጽሐፉ «እያወቀና ወዶ» ነው የሚለው፤ ይህ ሰው ደግሞ ጋጣ ውስጥ ፈረስ ውኃ እያጠጣ ነው። ሲመለስ ምርኮኛው ተናግሮ ያገኘዋል። ቦታውን ይሰማል፤ ፈረሱን ጭኖ ይሄዳል፤ ሰባቱን ሰዎች ነጻ ያወጣል፤ መንደርተኛው እጁን ይስመዋል። ቅድስናውም እንዳለ ነው!

ጠረጴዛችን ላይ ሦስት ዓይነት ሐሳብ ተነሣ። አንደኛው ወገን «ምን ችግር አለው? ሕጉ የሚለው እያወቀ ነው፤ እሱ አላወቀም፤ ከአነጋገር ይፈረዳል» አለ። ሁለተኛው ወገን «ሰባት ሰው ከሚሞት አንድ ሽፍታ ቢያለቅስ ይሻላል፤ ራሱ ፓላዲኑም ቢያደርገው እኔ አልፈርድበትም» አለ። ሦስተኛው «ይህ ሁሉ የመሪው ጥፋት ነው፤ ፓላዲን ባለበት ጨዋታ እንዲህ ያለ ወጥመድ መዘርጋት ልጁን ለመጣል ካልሆነ ለምንድነው?» አለ።

ከመጨረሻው ልጀምር። እውነት ነው፣ ፓላዲንን ለመጣል ሆን ብለው ጉድጓድ የሚቆፍሩ መሪዎች ሞልተዋል። በየትኛውም በኩል ብትሄድ ኃጢአት ነው የሚል እንቆቅልሽ ፈጥረው፣ ልጁ አንዱን ሲመርጥ «ወደቅህ!» ብለው ይስቃሉ። እንዲህ ያለው መሪ ሕግ አውጪም፣ ፈታኝም፣ ዳኛም፣ ቀጪም ራሱ ነው። አራቱን ሥልጣን በአንድ እጅ የያዘ ሰው ፍርድ ማጣመሙ አይቀርም። ያን ምሽት ግን እንደዚያ አልነበረም። መሪያችን ያቀረበው አንድ ዝም ያለ ምርኮኛ ብቻ ነው። የጋጣውን መንገድ ያሳየችው ሌባዋ ናት፤ የሄደበትም ፈረሰኛው ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ ከባድ ነው፤ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። የሰባት ሰው ነፍስ ቀላል አይደለችም። በዚህ ርእስ ላይ ማይክል ዎልዘር የተባለው አሜሪካዊ አሳቢ በ1973 የጻፈው የታወቀ ሐተታ አለ። የሱ ሐሳብ ባጭሩ፣ ለሕዝብ ጥቅም ሲል እጁን የሚያቆሽሽ ሰው ምናልባት ማድረግ ያለበትን አድርጎ ይሆናል፤ ሆኖም ጥፋተኛነቱ እንዳለ ነው፤ ጥፋተኛ መሆኑንም ማወቅና መሸከም አለበት የሚል ነው። እኔ በዚህ መልስ ሙሉ በሙሉ ባልስማማም አንድ ነገሩ ይማርከኛል፤ እጁ የቆሸሸው ሰው እጁን አይደብቅም። «አዎን፣ እኔ ነኝ ያደረግሁት፤ ፈረሴንም ጋሻዬንም ውሰዱ» ይላል። ፈረሰኛው እንዲህ ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ቅድስናውን ቢያጣም ቢያንስ ስለ ራሱ እውነቱን የተናገረ ሰው ይሆን ነበር። የኛው ፈረሰኛ የፈለገው ግን ሁለቱንም ነው፤ የቆሸሸው ሥራ የሚያስገኘውን ውጤትም፣ የንጹሕ ሰው ስምንም። ዋጋውን የከፈለችለት ሌባዋ ናት። እሷ «ሌባ» ተብላ ትኖራለች፤ እሱ «ቅዱስ» ተብሎ ይኖራል።

ወደ መጀመሪያው ሐሳብ እንምጣ፤ የዚህ ጽሑፍም መነሻ እሱ ነው። «አላየሁም፤ አልሰማሁም» የሚለው መልስ ለኛም ባዕድ አይደለም። ታዲያ አለማወቅ ነጻ ያወጣልን? ቶማስ አኩዊናስ የተባለው የዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት የካቶሊክ ሊቅ ይህን ነገር በሚገባ ለይቶታል። አንድ ሰው ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ባያውቅ አይፈረድበትም። ማወቅ ሲገባው በስንፍና ሳያውቅ ቢቀር ጥፋት አለበት። ነገር ግን በኃጢአቱ እንዳይከለከል ብሎ ሆነ ብሎ ላለማወቅ ቢመርጥ፣ ይህ ዓይነቱ አለማወቅ ራሱ የፈቃድ ሥራ ነው፤ ሰውየውን አያድነውም።

ይህን በጋጣው ላይ አምጥተን እንየው። ፈረሰኛው ከሰዓት በፊት ፈረሱን ውኃ አላጠጣም፤ ከሰዓት በኋላም አላጠጣም። ያጠጣው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ለምን? ምን እንደሚደረግ ስለሚያውቅ ነዋ! ምን እንደሚደረግ የማያውቅ ሰው መቼ መውጣት እንዳለበት አያውቅም። በሩን ለመዝጋት ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ «አላወቅሁም» የሚለው መከላከያ ገና ሲጀመር የፈረሰ ነው።

እንግዲህ የሕጉ ቀዳዳ እዚህ ላይ ነው። የምታውቀውን ብቻ የሚቀጣ ሕግ እንዳታውቅ ያስተምርሃል። ጋይጋክስ ቃሏን ያስገባት ለምሕረት ብሎ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ፤ ተታልሎ ወይም በአስማት ተይዞ የሳተ ሰው እንዳይወድቅ። ዓላማዋ መልካም ነው። ግን መልካም ሰው የሚገባባት በር ብልጥ ሰውም ይሾልክባታል።

«ስለ ባልንጀራ የወጣው ሕግ ይህን አይከለክልም ወይ?» የሚል ይኖራል። ፓላዲን ከደጎች ጋር ብቻ ቢውል እንዲህ ያለ ነገር አይደርስበትም ይባላል። እኔ ግን ይህ ሕግ በሽታውን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም እላለሁ። ደግነትን ከሰው መሸሽ ያደርገዋል። ጽድቁ እንደ ነጭ ልብስ ጭቃ እንዳይነካው የሚጠበቅ ከሆነ፣ ሰውየው ሕይወቱን ሙሉ የሚያስበው ስለ ልብሱ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ስለወደቀው ሰው አይደለም። ያን ምሽት እግር ብረት ገብቶ ከነበረው ምርኮኛ ይልቅ ፈረሰኛው ያሰበው ስለ ራሱ ማዕርግ ነው። ከጋጣው ያደረሰው ይህ ሐሳብ ነው።

ከ1978 ወዲህ የጨዋታው ሕግ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። በ2000 በወጣው ሦስተኛ እትም ፓላዲን የግድ የሰው ዘር መሆኑ ቀረ፤ የወደቀውም በንስሐ እንዲመለስ ተፈቀደለት። በ2008ቱ አራተኛ እትም የአምላኩን አቋም እስከተከተለ ድረስ ሕግ አክባሪ ደግ መሆን ግዴታ አልሆነም፤ ኃይሉን የሚገፍፈው ሕግም ተነሣ። በ2014ቱ አምስተኛ እትም ደግሞ እያንዳንዱ ፓላዲን መሐላውን ራሱ ይመርጣል። ከመሐላዎቹ አንዱ የበቀል መሐላ ነው፤ ትልቁን ክፋት ለማጥፋት ማናቸውም መንገድ እንዲያዝ የሚፈቅድ ነው። በዚህ መሐላ የተያዘ ፈረሰኛ ወደ ጋጣው መሄድ አያስፈልገውም፤ ምርኮኛውን ራሱ ይይዘዋል።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን እንደ መሻሻል ያዩታል። ከፊሉን እኔም እቀበላለሁ። የንስሐ በር መከፈቱ መልካም ነው፤ መመለስ የሌለበት ውድቀት ሰውን ተስፋ ያስቆርጠዋልና። መሐላን መምረጥም መልካም ነው፤ ያልመረጡትን መጠበቅ ባርነት ነው። ነገር ግን መሐላው ከባሕርዬ ጋር እንዲስማማ ሆኖ ከተሰፋልኝ፣ ማድረግ የምፈልገውን ሁሉ ከፈቀደልኝ፣ መቼ ነው «አይሆንም» የሚለኝ? ልብሱ ለኔ ተለክቶ ቢሰፋ አያስከፋም፤ ሕግ ግን በኔ ልክ ብቻ ሲሰፋ ሕግነቱ ይቀራል።

ታዲያ ምን ይሻላል? የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ጥብቁ ሕግ ይቆይ፤ ንስሐም ይኑር፤ ስለ ባልንጀራ የወጣው ክልከላ ይቅር። በሱ ፈንታ አንድ ግዴታ ይግባ፦ ፓላዲን የመጠየቅ ግዴታ አለበት። «ፈረስህን ውኃ አጠጣ» ሲሉት «ለምን?» ማለት አለበት። ሲመለስ ምርኮኛው ተናግሮ ቢያገኘው «እንዴት ተናገረ?» ማለት አለበት። መልሱን ከሰማ በኋላ የሚያደርገው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሳይጠይቅ ግን አይለፍ። እንዲህ ከሆነ ከሌባም ጋር ይሂድ፣ ከአስማተኛም ጋር ይሂድ፤ ንጽሕናው በሚሸሸው ሰው ብዛት ሳይሆን በሚጠይቀው ጥያቄ ይለካል።

መጨረሻውን ሳልነግራችሁ እንዳልቀር። ፈረሰኛው ወደ ጋጣው ሄደ ብያለሁ። መሪያችን አልፈረደበትም፤ አልቆጣውምም። ብቻ ዳይሱን አነሣና «ጋጣው ከቤቱ ብዙ አይርቅም። ጩኸቱ ይሰማህ እንደሆነ እናያለን» አለ። ቁጥሩ ቢወድቅ ይሰማል፤ ባይወድቅ አይሰማም። ከሕጉ አንጻር ይህ ለልጁ ትልቅ ዕድል ነበር፤ ዳይሱ «አልሰማህም» ካለ ማንም ሊከስሰው አይችልም። ሁላችንም ዝም አልን።

ልጁ እጁን ዘርግቶ የመሪውን እጅ ያዘ። «አትጣል» አለ። «ሰምቻለሁ።»

ከዚያ ሮጦ ገባና አስቆማት። ሌባዋን የምትጫወተው ልጅ ተናደደች፤ «ሰባት ሰው አለቀልህ! አንተ ለራስህ ጽድቅ ስትል!» አለችው። እሱም መልስ አልነበረውም። ምርኮኛው አልተናገረም። እኛም በዱካ ስንፈልግ ሁለት ቀን ፈጀብን፤ በጨዋታው ውስጥ ማለቴ ነው። ስንደርስ ከሰባቱ ሰዎች በሕይወት ያገኘነው ስድስቱን ነው። ሰባተኛዋ አሮጊት ሴት ነበሩ። ፈረሰኛው እጁን ጫነባቸው፤ የሞተ ግን በዚህ ስጦታ አይነሣም።

እኔ ያን ምሽት ትክክል ነበር ብዬ እንድትስማሙ አላስገድዳችሁም። ልጅቷ ዛሬም አልተስማማችም፤ ክርክራችንም አላለቀም። የአሮጊቷን ሞት ፈረሰኛው ይሸከመዋል፤ «ንጹሕ ነኝ» ብሎ ሊያራግፈው አይችልም፤ ሊያራግፈውም አልሞከረም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ዳይሱ ሊያድነው ተዘጋጅቶ ሳለ «ሰምቻለሁ» ያለባት ቅጽበት፣ በዚያ ጨዋታ ሁሉ ፓላዲን የሆነባት ብቸኛ ቅጽበት ነበረች። 17 የሆነው ግርማ ሞገስ ከዕጣ የተገኘ ነው፤ ፈረሱም የተሰጠው ነው። ይህችን ግን ማንም አልሰጠውም።

እኛስ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከጠረጴዛው ስንነሣ በየቀኑ የምንሄድባቸው ስንት ጋጣዎች አሉን?